የሺንጉ ባለጥሩር

አምባዛን ለሚያውቅ ሰው ዘመዱን ማስተዋወቅ አይከብድም። ያንን ባለጢም ዓሣ በዓይነ ኅሊናችን እንሣለው። ቁመቱን እናሳጥረው፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ለስላሳ ቆዳውን ገፍፈን የአጥንት ጥሩር እናልብሰው። አፉን ወደ አገጩ ሥር አውርደን እንደ አልቅት የሚጣበቅ እናድርገው። በመጨረሻ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ መስመር እናስምርበት። የብራዚሉ ሺንጉ ወንዝ ልጅ ይህ ነው። ያገሩ ሰው "አካሪ ዜብራ" ይለዋል፤ ሳይንሱ ሃይፓንሲስትረስ ዜብራ። በአኳሪየም የሚያረቡት ሰዎች ደግሞ በቁጥር ይጠሩታል፦ ኤል 46።

ቁጥሩ የራሱ ታሪክ አለው። ዜብራው የሚመደብበት፣ ፕሌኮ የሚባሉት ዓሦች ቤተሰብ አንድ ሺህ ገደማ ዝርያ ያቀፈ ነው፤ የሁሉም አገር ከኮስታ ሪካ እስከ አርጀንቲና ያለው ምድር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነጋዴዎች ከአማዞን ገባሮች የሚያወጡት አዲስ ዓሣ ሊቃውንቱ ስም ሊያወጡለት ከሚችሉት በላይ በዛ። ዳትስ የተባለ የጀርመን የአኳሪየም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988 መላ ዘየደ፦ ስም እስኪያገኝ ለእያንዳንዱ ታርጋ ይለጠፍለት። "ኤል" ሎሪካሪዴ ከሚለው የቤተሰቡ ስም የተወሰደች ፊደል ናት፤ ቁጥሩ ዛሬ ከ500 አልፏል። ዜብራው ብዙ አልጠበቀም፤ በ1991 ኢስብሩከርና ናይሰን የተባሉ ሆላንዳውያን ወግ ያለው ስም ሰጡት። አርቢው ግን ታርጋውን አልነቀለለትም።

ፕሌኮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የአኳሪየም ጽዳት ሠራተኛን ነው። ዓሣ ሻጩ "ይሄ መስታወቱን ይልስልሃል" ብሎ የሚያሸክመው ጣት የምታክል ቡናማ ዓሣ ግማሽ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አይናገርም። ሲያድግ ባለቤቱ ይጨንቀዋል፤ ሌሊት ወስዶ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ፍሎሪዳ፣ ሜክሲኮና ፊሊፒንስ በዚህ ዓይነት እንግዳ ተቸግረዋል። ከቤተሰቡ መካከል ደግሞ ፓናኬ የሚባሉት እንጨት ይፍቃሉ፤ የሚተዉት ነገር ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ አይለይም። ዜብራው ከሁለቱም ወገን አይደለም። ጥርሱ ጥቂት ነው፣ አልጌ መላስ አይሆንለትም፣ ሥጋ ይወዳል። ለጽዳት ብሎ የሚገዛው ካለ ገንዘቡን በትኗል፤ አንዱ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ዓሣ ነውና።

አርቢው ታዲያ የሚያኖረው ምንድን ነው? ዓሣውማ ቀኑን ሙሉ አይታይም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እንግዳ ቤት መጥቶ "ይሄ ባዶ ገንዳ ምንድን ነው?" ቢል አይፈረድበትም። እኔ እንደሚገባኝ ሰውየው የሚያኖረው ወንዝ ነው። ማሞቂያው ውኃውን 28 ወይም 30 ዲግሪ ላይ ያቆመዋል፤ ሞቃት ውኃ ብዙ ኦክስጅን ስለማይዝ ፓምፑ ሌት ተቀን እያናወጠ አየር ያስገባበታል። ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ስንጥቅ ይሠራል። መሐሉ ላይ አንድ ጫፋቸው የተደፈነ የሸክላ ቱቦዎች ይቀመጣሉ፤ ወንዱ ልክክ ብሎ የሚገባባቸው መሆን አለባቸው፣ ሰፊ ቤት አይወድም።

ዓሣው አልወልድ ሲል አንዳንዱ አርቢ ወቅት ይሠራለታል። ለሳምንታት ውኃውን ሳይቀይር ይተወዋል፤ ገንዳው ይጎድላል፣ ይሞቃል፣ ማዕድኑ ይከብዳል። በጋ መሆኑ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቀዝቃዛና ለስላሳ ውኃ ይለቅበታል። ክረምት ገባ! ሴቷ ወደ ወንዱ ቱቦ ትሄዳለች።

የውሸቱ ክረምት ከእውነተኛው የተቀዳ ነው። ሺንጉ ወደ ሰሜን ወርዶ አማዞንን ከመቀላቀሉ በፊት፣ ፓራ ክፍለ ግዛት ውስጥ ከአልታሚራ ከተማ በታች፣ ድንገት ታጥፎ ትልቅ ቀለበት ይሠራል። ስሙም ቮልታ ግራንዴ ነው፣ ታላቁ መታጠፊያ። አለታማ ወለል፣ ፏፏቴ፣ ደሴት፣ ጥርት ያለ ውኃ። በደረቁ ወራት በሰከንድ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ የሚፈስሰው ወንዝ ሚያዝያ ግድም ወደ 20 ሺህ ይደርሳል። ዜብራው በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በዚህ መታጠፊያ አካባቢ ብቻ ነው።

ቤሎ ሞንቴ የሚባለው የኃይል ማመንጫ ግድብ የተሠራው እዚሁ ላይ ነው። ስለ ግድብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ የቤሎ ሞንቴ አሠራር ግን ለየት ይላል። ወንዙ ከመታጠፉ በፊት ይጠለፋል፤ ውኃው በቦይ የቀለበቱን አንገት አቋርጦ ማዶ ካለው ማመንጫ ይወርዳል። የመጀመሪያው ተርባይን በ2016፣ የመጨረሻው በ2019 ሥራ ጀመሩ፤ ጠቅላላ አቅሙ 11,233 ሜጋ ዋት ነው። ለመታጠፊያው የቀረው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሆነው የወንዙ አካል፣ ትርፉ ነው። እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውኃ ሊዞር ይችላል። በየወሩ ምን ያህል እንደሚለቀቅለትም በሠንጠረዥ ይወሰናል። ይሄ የእኛው አርቢ ሥራ አይደለም እንዴ? ልዩነቱ አርቢው ክረምቱን ለማምጣት ሲል ውኃ መጨመሩ ነው። በመታጠፊያው ዳር የሚኖሩት ዩጃና አራራ የተባሉት ነባር ሕዝቦች የሚሟገቱት ስለዚሁ ነው፦ ዓሣው ለመራባት የሚገባበት የዳር ደን በወቅቱ በውኃ አልሞላም እያሉ።

ብራዚል ዜብራውን በ2004 ከአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ አስገብታ ንግዱን ዘጋች። ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ዓሣው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በሻንጣ፣ በኮሎምቢያ ድንበር በኩል መውጣቱን ቀጠለ። በ2022 ሳይተስ በተባለው የዱር ፍጥረታት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ሲገባ፣ ከወንዝ ለተያዘው ለንግድ የተፈቀደው ቁጥር ዜሮ ተባለ። ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው በጀርመን፣ በኢንዶኔዥያና በመሳሰሉት አገሮች ገንዳ ውስጥ የተፈለፈለ ነው።

በወንዙ ላይ ሊያየው የሚፈልግ አልታሚራ ላይ ጀልባ ይይዛል። ቀን ላይ መነጽር አጥልቆ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ አንገቱን ቢደፋ የሚያገኘው ወርቅማ ነጠብጣብ ያለበትን ዘመዱን፣ ኤል 18ን፣ ከድንጋይ ላይ ሲግጥ ነው። ዜብራው ከታች ነው፣ ከጥልቁ አለት ስንጥቅ። የአልታሚራ ዓሣ አጥማጆች ጎሚስታ ጎማ የሚነፋበትን የመሰለ ኮምፕሬሰር ጀልባ ላይ አስነሥተው፣ ረጅም ቱቦ በአፋቸው ይዘው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ ይወርዳሉ።

ከታች የሚያዩትን አርቢውም በሳሎኑ፣ መብራት አጥፍቶ ገንዳው ሥር ተንበርክኮ ያየዋል። አባትየው የቱቦውን በር በገላው ደፍኖታል። ከኋላው አሥር ወይም አሥራ አምስት የሚሆኑ ብርቱካን የመሰሉ እንቁላሎች አሉ፤ በክንፉ ያርገበግብላቸዋል። በሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹ አስኳላቸውን ሆዳቸው ላይ ተሸክመው እስኪጨርሱ ከአባታቸው ሥር አይወጡም። ባትሪው ሲያርፍበት ዓሣው አይሸሽም። ዓይኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ መጋረጃ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ብሌኑ እየጠበበ እየጠበበ እንደ አዲስ ጨረቃ ይቀጥናል።