በሰው አገር ልደትን የመጠበቅ ደስታ

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ከመድረሱ በፊት ምእመናን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያትን እንደሚጾሙ የታወቀ ነው። ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የላከ ወላጅም በእነዚህ ሳምንታት አንድ ሐሳብ ይመላለስበታል፤ «ልጄ በዚያ በብርዱ አገር፣ ሌላው ሲበላና ሲጠጣ እያየ፣ ብቻውን እንዴት ይሰነብት ይሆን?» ይላል። እኛም በጀርመን አገር፣ የሳክሶኒ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በድሬስደን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት ያየነውን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ እንጽፋለን። መልሱ ወላጆች ከሚሰጉት ይልቅ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የባሕር ማዶ ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በታኅሣሥ ወር በዚያ አገር ቀኑ እጅግ አጭር ነው። ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ተማሪው በጨለማ ወደ ቤተ ሙከራው ይገባል፤ በጨለማም ይወጣል። ነገር ግን ወደ ማደሪያው ሲመለስ በየመስኮቱ እንደ ቀስተ ደመና የተደገነ፣ ሻማ የተደረደረበት ቅስት ሲያበራ ያያል። ይህ ልማድ የመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የማዕድን ተራሮች ነው። የዚያ አገር ማዕድን ቆፋሪዎች በክረምት ሳይነጋ ወደ ጉድጓድ ወርደው ከመሸ በኋላ ይወጡ ስለ ነበር ብርሃን አጥብቀው ይናፍቁ ነበር። መንገደኛው ሁሉ የሚያየው ይህ የመስኮት መብራት ለእንግዳ ተማሪም የመጀመሪያው መጽናኛ ነው።

ምዕራባውያን ክርስቲያኖች ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች «አድቬንት» ብለው ይጠሯቸዋል፤ ትርጉሙም ምጽአት ማለት ነው። ወቅቱ የሚጀምረው ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ነውና ከእኛ ጾም መግቢያ ከ10 ቀን በላይ አይርቅም። በየቤቱ ከጥድ ቅርንጫፍ በተጎነጎነ አክሊል ላይ አራት ሻማዎች ይተከሉና በየእሑዱ አንድ አንድ እየተጨመረ ይበራል። የዚህን ሥርዓት መነሻ ስንጠይቅ በ1839 ዓ.ም. በሐምቡርግ ከተማ የድሆች ልጆችን ያሳድግ የነበረው የሃይማኖት መምህር ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን መሆኑ ተነገረን። ልጆቹ «ልደት መቼ ይመጣል?» እያሉ ቢነዘንዙት በጋሪ ጎማ ላይ ለአዘቦት ቀናት ትንንሽ፣ ለእሑዶች ደግሞ ትልልቅ ሻማዎችን አቁሞ ቀኑን እንዲቆጥሩበት አደረገ። በሌሎች ቤቶችም ልጆች በበር ላይ በጠመኔ የተሰመሩ 24 መስመሮችን በየቀኑ አንድ አንዱን እየደመሰሱ ይጠብቁ ነበር።

ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማስታወሱ አይቀርም። የእኛም አባቶች ከልደት በፊት ያሉትን ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ብለው ሰይመው ሠርተውልናል። ነቢያት መምጣቱን የሰበኩለት፣ በጨለማ ለሚኖሩ ብርሃን የሆነው፣ በጎቹን የሚጠብቀው እረኛ እየተባለ ደረጃ በደረጃ ወደ በዓሉ እንቀርባለን። የጎረቤቱ አራተኛ ሻማ በሚበራበት ሰሞን የእኛ ስብከት ይገባል። ተማሪው ሌላው ሲቆጥር እርሱም ይቆጥራል፤ ሌላው ሲጠብቅ እርሱም ይጠብቃል። ስለዚህ ከደስታው ውጭ የቆመ ባዕድ አይደለም።

እውነተኛው ፈተና ያለው በማዕድ ላይ ነው። በድሬስደን ከ1434 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀው «ሽትሪጸልማርክት» የተባለው የልደት ገበያ አደባባዩን ይሞላዋል። በቀረፋና በቅርንፉድ የፈላው ቀይ ወይን፣ የሚጠበሰው ሥጋ፣ በስኳር የተቆላው ለውዝ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ከሁሉ በላይ የከተማዋ መታወቂያ «ሽቶለን» የተባለው፣ ዘቢብ የበዛበትና በቅቤ የራሰ ዳቦ ነው። በላዩ ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ስኳር ሕፃኑ ኢየሱስ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ያስታውሳል ይባላል። ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቻቸውን ቤታቸው ጠርተው ይህንኑ ዳቦ ቆርሰው ሲያቀርቡ ጾመኛው ምን ይበል? እምቢ ቢል አክባሪውን ያስቀይማል፤ እሺ ቢል ጾሙን ይሽራል።

መፍትሔው የተገኘው ከዳቦው ታሪክ ውስጥ ነው። ሽቶለን ጥንት የጾም ዳቦ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ክርስቲያንም ልደትን በጾም ይጠብቅ ስለ ነበር ዳቦው ያለ ቅቤና ያለ ወተት በዘይት ብቻ ይጋገር ነበር። በሳክሶኒ መሳፍንት ልመና የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ በቅቤ እንዲጋገር የፈቀዱት በ1491 ዓ.ም. ነው። ይህን ስናነሣ ማዕዱ በጨዋታ ይሞቃል። አስተናጋጆቻችን የአያቶቻቸውን ልማድ በእኛ ዘንድ ሕያው ሆኖ በማየታቸው ይደነቃሉ፤ ለውዝና ብርቱካን ያቀርቡልናል፤ ቅር የሚለውም የለም። በሌላው ሳምንት እኛ በተራችን እናቶቻችን በላኩልን በርበሬና ሽሮ የጾም በያይነቱ ሠርተን እንጠራቸዋለን። እምነቱን በትሕትና የሚገልጽ ሰው በእንግድነቱ ከበሬታን እንደሚያተርፍ በዚያ አይተናል።

የሚከብደው ከዲሴምበር 25 ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። ገበያው ተነሥቷል፤ ተማሪው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ስለ ሄደ የማደሪያው ኮሪደር ጭር ብሏል። ለእኛ ግን ገና 13 ቀን ቀርቶናል። የታኅሣሥ ገብርኤል የሚውለው ዲሴምበር 28 ነውና አገር ቤት ቁልቢ ሲነግሥ በልቡናችን አብረን እንነግሣለን። የጎረቤቶች የልደት ዛፍ አገልግሎቱን ጨርሶ በእግረኛ መንገድ ላይ በሚጣልበት ሰሞን የእኛ ዋዜማ ይደርሳል። ጃንዋሪ 7 በዚያ የሥራ ቀን ነው። ቢሆንም ካህናት ወደሚያገለግሉበት ከተማ በባቡር የሚጓዘው ይጓዛል፤ ያልቻለውም ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ጸሎት አድርሶ ዶሮውን ይቀምሳል። ከበሮው በሌለበት፣ ገበያው ባልደመቀበት ዕለት የሚገኘው ይህ ደስታ በመጠበቅ የተገኘ ነውና ጣዕሙ ልዩ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችሁ በሰው አገር ያሉ ወላጆች፣ ስንቅ መላካችሁ መልካም ነው። ስልክ ስትደውሉ ግን ስለ ብርዱና ስለ ፈተናው ብቻ አትጠይቁ፤ «ዛሬ ስብከት ገባ፣ ዛሬ ብርሃን ነው» እያላችሁ ቀኑን አብራችኋቸው ቁጠሩ። በቤት ያሉትን ሕፃናትም ከበጉና ከዶሮው ዋጋ በፊት የሳምንታቱን ስም አስተምሯቸው። ነገ ከእነርሱ አንዱ ባሕር ተሻግሮ በረዶ በሚወርድበት መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ይዞት የሚሄደው ስንቅ ይህ ነውና።

በአገር ውስጥም ሆነ በባሕር ማዶ ለምትገኙ የክርስትና እምነት ተከታዮች ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።