ሁለተኛ ማደሪያ የሌለው ሥራ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ያልሰማ አንባቢ አለ ብለን አንገምትም። አባቶቻችን ይህንን የተናገሩት ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ ብርዕ ቀርጸው የጻፉት ነገር ከእነርሱ ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ሲደርስ ስላዩ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን አብዛኛው ጽሑፋችን በብራናም ሆነ በወረቀት ላይ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ይህ መሣሪያ ሥራን የማፋጠኑን ያህል፥ በተበላሸ ጊዜ የዓመት ድካምን በአንድ ቅጽበት ይዞ ይጠፋል። እንግዲህ አባባሉ ለዘመናችንም እውነት ሆኖ እንዲቆይ አንድ ነገር ልንጨምርበት ግድ ነው፤ ይኸውም በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ሁለተኛ ማደሪያ ሲኖረው ነው የሚል ነው።

ነገሩን ለማስረዳት እስቲ አንድ ተማሪ በዐይነ ኅሊናችን እንከተል። ይህ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ከላሊበላ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ነአኩቶ ለአብ ይሄዳል እንበል። ቦታው በስሙ የሚጠራው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ መሆኑን፥ የነገሠውም የዛጔ መንግሥት ወደ ማብቂያው በተቃረበበት ዘመን መሆኑን ታሪክ ያስረዳል። ስሙም በግዕዝ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፥ ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ከሥሩ በተቀመጡት የጥንት የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናኑም በጸበልነት ይጠቀሙበታል። በዚያም የብራና መጻሕፍትና መስቀሎች በካህናቱ ተጠብቀው ይኖራሉ።

ተማሪው በዚያ ሰንብቶ የካህናቱን ትረካ በስልኩ ይቀዳል፤ የአረጋውያኑን ቃል ይጽፋል፤ ፈቃድ ያገኘበትንም ፎቶግራፍ ያነሣል። ማታ ማታ ሁሉን ወደ ኮምፒዩተሩ እያስገባ፥ ስልኩ እንዳይሞላበት ደግሞ ከስልኩ ላይ ይሰርዘዋል። እንዲህ ሲያደርግ ሥራውን በአስተማማኝ ስፍራ የሰበሰበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሦስት ወር ድካሙን ሁሉ በአንዲት ቀጭን ሳጥን ውስጥ መክተቱ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳጥኗ አልነሣም ያለች እንደ ሆነ ምን ይቀርለታል?

በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ነገር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ተማሪው ራሱ አርቅቆ የጻፈው ምዕራፍ ነው፤ ይህ ምንም ቢያንገበግብ ጊዜ ከተገኘ ዳግመኛ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ግን ምትክ የለውም። በሰማንያ ዓመታቸው የአገራቸውን ታሪክ አስታውሰው የነገሩት አባት ከዚህ ዓለም ካረፉ ያንን ቃል ማን ይደግመዋል? ስለዚህ የኮምፒዩተር መበላሸት የዕቃ ጉዳት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው አደራ መጥፋት ነው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነን፥ በመመረቂያው ወራት ኮምፒዩተሩን እንደ ሕመምተኛ ልጅ ታቅፎ ወደ ጥገና ቤት የሚሮጥ ተማሪ ማየት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን።

ለመሆኑ መሣሪያው ስለ ምን ይከዳል? ኮምፒዩተር ሥራ ላይ ሳለ የሚጻፈውን ነገር በመጀመሪያ የሚይዘው በጊዜያዊ ማስታወሻው ነው፤ ይህም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በጊዜው ያልተቀመጠው የጽሑፍ ክፍል መብራቱ ድርግም ባለበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። የተቀመጠውም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። በቀድሞው ዐይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ፥ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሰሌዳዎች አሉ፤ ጽሑፉን የሚያነበውም ክፍል ከሰሌዳው በላይ ከጠጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ያንዣብባል። ዲስኩ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ወይም ቢመታ ይህ ክፍል ሰሌዳውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀውም ስፍራ አይነበብም። በአዲሱ ዐይነትና በፍላሽ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ጽሑፉን የሚይዘው ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህም ለብዙ ዓመታት ሳይሰካ በመሳቢያ ከተቀመጠ ኃይሉ ቀስ በቀስ ሊያልቅ ይችላል። በአጭሩ የማይበላሽ ዲስክ የለም፤ የሚለያዩት በሚበላሹበት ቀን ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን የካርቱን ፊልም ያዘጋጁ የነበሩት የፒክሳር ሠራተኞች፥ በስሕተት በተሰጠ አንድ ትእዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ሥራ ከኮምፒዩተራቸው ሲሰረዝ ተመለከቱ። ለመጠባበቂያ ተይዟል የተባለው ቅጂም በተፈለገ ጊዜ የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ያዳኑት ጌሊን ሰስማን የተባሉት ባልደረባቸው ናቸው፤ በዚያ ወራት ወልደው ከቤታቸው ሆነው ይሠሩ ስለ ነበር አንድ ቅጂ በቤታቸው ኮምፒዩተር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ደግሞ በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ 77 ቴራባይት የሚሆን የምርምር ሥራ ጠፋ፤ ይህም ወደ 34 ሚሊዮን ፋይሎች ማለት ነው። የሚያስደንቀው፥ ይህን ያጠፋው መጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ የተዘጋጀው ፕሮግራም ራሱ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የምንረዳው ቅጂ አለን ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቅጂው በርግጥ የሚከፈት መሆኑን አልፎ አልፎ መመርመር ያስፈልጋል።

በአገራችን ደግሞ ማሽኑ ደኅና ሆኖ ሳለ ጽሑፉ የሚጠፋበት መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፥ ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስልት ይጽፉት ነበር። በዚያ ጊዜ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ያው ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር የተከፈተ እንደ ሆነ፥ በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ብቻ ይታያል። በየመሥሪያ ቤቱና በየደራሲው ቤት እንዲህ ያለ የቀድሞ ፋይል ያለው ሰው፥ የሚያነበው ፕሮግራም ሳይጠፋ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ቢያስለውጠው መልካም ነው።

የቀደሙት አባቶች ይህንን ጥበብ ያውቁት ነበር። የርስትና የጉልት ውል እንዳይጠፋ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ወንጌሉ ይጠበቃልና። የግዕዙን መዝገበ ቃላት ብንመለከት ውጥኑ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነው፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዓመት ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት ስላረፉ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በተቀበሉት አደራ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ያ ሥራ ባለቤቶቹ ሲያልፉ አብሮ ያላለፈው፥ ያለበትን የሚያውቅና የሚረከብ ሁለተኛ ሰው ስለ ነበረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በዚህም ሥራ ቤተ ክርስቲያናችንና በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው፥ በየገዳማቱና በየአድባራቱ፥ በላሊበላም ጭምር፥ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ አንዱ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በሚኒሶታ ሲቀመጥ፥ ብራናው በደብሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዚህን ስብስብ ዝርዝር በማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደክመዋል። የንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ገድልም ቢሆን ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1943 ስላሳተሙት በብራና ብቻ ተወስኖ አልቀረም።

ዛሬ የኮምፒዩተር ሰዎች የሚመክሩት ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም። ፒተር ክሮግ የተባሉ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቁት ይህ ሕግ «ሦስት፥ ሁለት፥ አንድ» ይባላል፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዐይነት መሣሪያ ላይ ይሁን፤ ከሦስቱም አንዱ በሌላ ቦታ ይቀመጥ ማለት ነው። በሠለጠነው ዓለም «ሌላ ቦታ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት የሚገኝ ማከማቻ ነው። ለላስታ ሰው ግን ይህ ብቻውን አያስተማምንም። ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰበት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲገኝ በኢንተርኔት መላክ ማለፊያ ነው፤ ሳይገኝ ግን በፍላሽ ቀድቶ በሌላ መንደር ላለ ወንድም ወይም እኅት በአደራ መስጠት፥ ዋናውንም ምዕራፍ በወረቀት አትሞ ማስቀመጥ አያሳፍርም። ወረቀት መብራት አይፈልግም።

አደጋው ከደረሰ በኋላም ቢሆን ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በብዙ መሣሪያ ላይ ወዲያው አይደመሰስም፤ ሌላ ጽሑፍ እስኪተካበት ድረስ በስፍራው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ዲስክ ላይ ምንም ሳይጽፉ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። የሚሽከረከረው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ደጋግሞ ማስነሣቱ ጉዳቱን ያብሰዋልና ወዲያው ማጥፋት ነው። ቢሆንም ይህ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውን ማስቀደም ይሻላል።

በበኩላችን የምናሳስበው ይህ ጉዳይ ለተማሪው ጥንቃቄ ብቻ እንዳይተው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩ መምህራን «ስንተኛ ምዕራፍ ደረስክ? ስንተኛ ምዕራፍ ደረስሽ?» ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ «ሁለተኛው ቅጂ ያለው ከማን ዘንድ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ልቅሶ ይቀራል። መሥሪያ ቤቶችም መዝገባቸውን በአንድ ጸሐፊ ኮምፒዩተር ብቻ ባያስቀምጡ ይጠቀማሉ። ከሁሉም በላይ ወደ ነአኩቶ ለአብና ወደ መሰሎቹ አድባራት ሄዶ ድምፅና ሥዕል የሚሰበስብ ሁሉ፥ ከመመለሱ በፊት አንዱን ቅጂ ቃሉን ለሰጡት አባቶችና ለደብሩ ትቶ ይምጣ። እንዲህ ከተደረገ ባለአደራው ቢታመም፥ መሣሪያውም ቢሰበር፥ ነገሩ ከተነገረበት አገር አይጠፋም፤ ባለቤቶቹም የራሳቸውን ታሪክ ለመስማት የሌላ ሰው ኮምፒዩተር እስኪነሣ አይጠብቁም።