የኮምፒውተር ሞኒተር ሥራ ሲያቆም ከጥገና በፊት መፈተሽ ያለባቸው ነጥቦች

በደቡብ ወሎ ዞን የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ ወይም በኦንላይን ለመመዝገብ የሚመጣ ተገልጋይ ብዙ ጊዜ ከገጠር ቀበሌ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። በጽሕፈት አገልግሎት ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ስክሪኑ ከጨለመ፣ ተገልጋዩ ጉዳዩን ሳይፈጽም ወደመጣበት ለመመለስ ይገደዳል። ይሁን እንጂ ስክሪኑ ስለጨለመ ብቻ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ ፋይሉም ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሞኒተር መረጃን የሚያሳይ እንጂ የሚያስቀምጥ መሣሪያ አይደለም፤ የተቀመጠ ፋይል የሚገኘው በተለምዶ «ሲፒዩ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ወጪ ከማውጣት በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች በቅደም ተከተል መፈተሽ ይመከራል።

1. ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ ኮምፒውተሩን አለማጥፋት

ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ሳለ ስክሪኑ ቢጨልም፣ ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት ያልተቀመጠውን ሥራ ያሳጣል። በቅድሚያ በኪቦርዱ ላይ ያለውን «ካፕስ ሎክ» ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። የቁልፉ አመልካች መብራት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ሞኒተር ወይም የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን በማገናኘት ጽሑፉን ማስቀመጥ ይቻላል።

2. የሞኒተሩን አመልካች መብራት ማየት

መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ችግሩ በአብዛኛው ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የተያያዘ ነው። ሶኬቱን፣ ማከፋፈያውንና ከሞኒተሩ ጀርባ የሚሰካውን ገመድ መፈተሽ፣ ከተቻለም ገመዱን በሌላ መተካት ይገባል። መብራቱ ብርቱካናማ ከሆነ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሞኒተሩ ኃይል አግኝቶ ከኮምፒውተሩ ግን ምስል አልደረሰውም ማለት ነው።

3. «ኖ ሲግናል» የሚል መልእክት ሲታይ

መልእክቱ ሞኒተሩ ምስል እንዳልደረሰው የሚገልጽ ሲሆን፣ ሞኒተሩ ራሱ እየሠራ ለመሆኑም ምልክት ነው። የምስል ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅሎ መልሶ በሚገባ መሰካት፣ የቪጂኤ ገመድ ከሆነም በግራና በቀኝ ያሉትን ብሎኖች ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ገመዱ የተሰካው በቪጂኤ ይሁን በኤችዲኤምአይ፣ በሞኒተሩ ማውጫ ውስጥ የተመረጠውም እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በላፕቶፕ ላይ ደግሞ የዊንዶውስንና የ«ፒ» ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ምስሉ በየትኛው ስክሪን እንደሚታይ መምረጥ ይቻላል።

4. ቀለም ሲለወጥ ወይም መስመር ሲታይ

ስክሪኑ ወደ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ካደላ የላላ ገመድ ወይም በቪጂኤው ጫፍ ካሉት 15 እግሮች የታጠፈ ሊኖር ይችላል። መስመር ከታየ ደግሞ በሞኒተሩ ቁልፎች የራሱን ማውጫ መክፈት ነው። መስመሩ በማውጫው ላይም ካለ ችግሩ የሞኒተሩ ነው፤ ማውጫው ጥርት ብሎ ከታየ ግን ገመዱን ወይም ኮምፒውተሩን መፈተሽ ይገባል።

5. የኃይል መቆራረጥና መብረቅ

የሀገራችን የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ መሣሪያን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ ኃይሉ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይመረጣል። ስታቢላይዘር መዋዠቅን ቢቀንስም ከመብረቅ አያድንም። በክረምት ወራት ዝናብና ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ገመዶችን መንቀል የተሻለ ጥንቃቄ ነው። ተደጋጋሚ የኃይል ችግር ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ማሳወቅ ይቻላል።

6. ለባለሙያ መተው ያለበት ሥራ

ሞኒተሩ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶም ካልሠራ፣ የቃጠሎ ሽታ ካለው ወይም ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል። የሞኒተርን ሽፋን በራስ መክፈት አደገኛ ነው። በተለይ ጀርባው የወጣ የቀድሞ ሞኒተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት አስጊ የሆነ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የማይጠገን ሞኒተር እርሳስና ሜርኩሪን የመሰሉ ጎጂ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩት ስለሚችል፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣልም ሆነ መቃጠል የለበትም። አወጋገዱ የሚመራው በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ነው።

ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ፍተሻዎች ክፍያም ሆነ ልዩ መሣሪያ የማይጠይቁ፣ በጥቂት ደቂቃዎችም የሚጠናቀቁ ናቸው። ተገልጋዩን «ሌላ ቀን ተመለስ» ከማለት በፊት ገመዱን አንድ ጊዜ ነቅሎ መሰካት የአንድ ቀን መንገድ ሊያስቀር ይችላል።