ለውዝና ኮሌስትሮል

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ አጎቴ ከሐኪም ዘንድ ተመልሰው አገኘኋቸው። ደማቸው ተመርምሮ ኮሌስትሮል በዝቷል፣ ቅባት ቀንሱ ተብለዋል። «አንተ ተማሪ ነህ፤ ምኑን ልተው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ፊታችን የነበረውን ቆሎ አየሁና «ጋሼ፣ ለውዝ እኮ ግማሹ ቅባት ነው፤ እሱን ይተዉ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለውዙን ከቆሎው እየለቀሙ ያወጡ ጀመር። ቅቤውንና ጮማውን ግን ማንም አልነካባቸው። እዚህ ተመልሼ ሳነብ ምክሬ የተገለበጠ ሆኖ አገኘሁት። እናንተም እንዳትሳሳቱ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ኮሌስትሮል ሰም የመሰለ ነገር ነው። ለሰውነት ያስፈልጋል፤ አብዛኛውንም የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው። በደም ውስጥ የሚጓዘው በተሸካሚዎች ተጭኖ ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ተሸካሚ ሲበዛ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል፤ ቧንቧውም እየጠበበ ይሄዳል። ይህ በልብ ላይ ሲደርስ የልብ ድካምን፣ በአንጎል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሽባነትን ሊያመጣ ይችላል።

ታዲያ ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም። በብርድ ጠዋት ቅቤና የኑግ ዘይት ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ቅቤው ይረጋል፣ ዘይቱ ይፈሳል። የሚረጋው ዓይነት ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የማንሣት ሥራው ይዳከማል። የለውዝ ቅባት ደግሞ አብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ነው። በተጨማሪም በለውዝ ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚመስሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነርሱም አንጀት ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር እየተሻሙ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሱታል።

ሁለተኛው ነገር ኦክሲዴሽን ነው። ብረት አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ የቆየ ቅቤም ሽታው ይለወጣል። በሰውነታችንም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። ከመከላከያው አቅም በላይ ሲሆኑ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። በቧንቧ ግድግዳ የተከማቸ ኤልዲኤል በዚህ መንገድ ሲበላሽ ጉዳቱ ይብሳል። ለውዝ ይህን የሚከላከል ቪታሚን ኢ አለው፤ ቀዩ ልጣጩም ይህን መሰል ንጥረ ነገሮች ስላሉት ባይጣል ይመረጣል። ይሁን እንጂ በዚህ በኩል የተደረጉት ጥናቶች ውጤት ይለያያል፤ የጠነከረው ማስረጃ የኮሌስትሮሉ ነው።

ማስረጃውስ? እኛ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒ በዕፅዋት ትምህርት የባቄላና የአተር ወገን ነው፤ ሆኖም በቅባቱ ዓይነት ከዛፍ ለውዞች ጋር ይቀራረባል። በ2010 እ.ኤ.አ. በ7 አገሮች በ583 ሰዎች ላይ የተደረጉ 25 ሙከራዎች ውጤት ተጠቃሎ ታትሟል። በቀን በአማካይ 67 ግራም ልዩ ልዩ ለውዝ የበሉት ሰዎች ኤልዲኤል በ7.4 በመቶ ቀንሷል። ቅነሳው የበለጠ የታየው መጀመሪያ ኤልዲኤላቸው ከፍተኛ በነበረው ላይ ነው። እንግዲህ እንደ አጎቴ ያሉት ናቸው ማለት ነው!

ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛ፣ አንድ እፍኝ ወይም 30 ግራም ያህል ለውዝ 170 ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ በጮማውና በፓስቲው ምትክ እንጂ በላዩ ላይ አይጨመርም። ሁለተኛ፣ ጨው የበዛበት ለውዝ ለደም ግፊት አይበጅም። ሦስተኛ፣ የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች በዚህ መርዝ የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ በልተው አልቀዋል። መቁላትም መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም፤ የሻገተና መራራ የሆነውን መጣል ነው። አራተኛ፣ ለውዝ የማይስማማው ሰው ጨርሶ አይንካው፤ ለሕፃናትም ጥሬው ፍሬ ስለሚያንቅ ሳይፈጭ አይሰጥ።

ለአጎቴ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፦ «ጋሼ፣ ለውዙን ይመልሱት፤ የሚቀነሰው ቅቤውና ጮማው ነው። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጡ» ብዬ። ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ! ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ሰው «መምህሩ ነው ያለው» ብሎ የነገርነውን ሁሉ ይቀበላል። ያላወቅነውን ስንጠየቅ «አንብቤ ልምጣ» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያን ቀን እንዲያ ብል ኖሮ አጎቴ ክረምቱን ሙሉ ለውዝ ሲለቅሙ ባልከረሙ ነበር።