የመግቢያ ነጥብ ሞላልኝ ማለት ገባሁ ማለት ነው? የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቅበላ እንዴት ይካሄዳል

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከላሊበላ እስከ ብልባላ፣ ከሹምሸሃ እስከ ገነተ ማርያም በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ስንት አመጣህ?» «አለፍሽ ወይ?» ግማሹን ያላመጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «በቃ፣ አለቀልኝ» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ወሬው ሁሉ የጅዳ መንገድ፣ የደላላ ስልክ፣ የጉዞ ብር ይሆናል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ይህ ማለት በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላገኙም ማለት ነው። ታዲያ እነዚህ ሁሉ አለቀላቸው? በፍጹም! ለብዙዎቹ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በር ክፍት ነው። ችግሩ ብዙ ልጆች በሩ መኖሩን እንጂ እንዴት እንደሚገባበት አለማወቃቸው ነው።

የታላላቆቻችሁ መንገድ ዛሬ የለም

አንዳንድ ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይም እህት «እኔ ከአሥረኛ ነው የገባሁት» ብለው ይመክራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያኔ እንደዚያ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍልን መለያያ አድርጎት ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዶ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባለው የዚያን ጊዜ አጠራር ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሥልጠናው በደረጃ ተደራጀና ደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተባለ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ መደበኛውን ሥልጠና የሚወስነው በዋናነት የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ ነው። 12ኛ ያልደረሱ ልጆችም ቢሆኑ በኮሌጆቹ የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች እንዳሉ ይወቁ።

ማን ነው የሚወስነው?

ብዙ ሰው «የኮሌጁ ዲን ያውቃል» ወይም «ዘመድ ያስፈልጋል» ይላል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው።

1. ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዘርፉን በአገር ደረጃ የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ለየደረጃው የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብ ያወጣል። ደረጃው ከፍ ሲል ነጥቡም ከፍ ይላል።

2. በክልላችን ይህን ተቀብሎ ወደ ሥራ የሚያወርደው የአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ ነው።

3. ኮሌጁ በዚያ ዓመት የሚያሠለጥንባቸውን ሙያዎች፣ ደረጃቸውንና የምዝገባውን ቀን በማስታወቂያ ይለጥፋል።

4. አመልካቹ የሚፈልገውን ሙያ በቅደም ተከተል ይመርጣል። ከዚያ ስሞች በነጥብ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ቦታው ሲሞላ መስመር ይሰመራል።

አያችሁ? ሚኒስቴሩ የሚያወጣው ነጥብ ለማመልከት የሚያበቃችሁ ነው። ወንበሩን የሚሰጣችሁ ግን ከአጠገባችሁ ካሉት ልጆች ጋር የምታደርጉት ውድድር ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው ልጅ የሚቀረው።

በምሳሌ እንየው

ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። የአንድ ደረጃ ዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብ 150 ነው እንበል። ኮሌጁ በኤሌክትሪክ ሙያ 25 ልጆች ይቀበላል። ኤሌክትሪክን አንደኛ ምርጫ ያደረጉት ደግሞ 60 ናቸው። ስማቸው በነጥብ ሲደረደር 25ኛው ልጅ ያለው 178 ሆነ። ከብልባላ የመጣች አንዲት ልጅ 172 አላት። መግቢያውን በ22 ነጥብ በልጣለች፤ ለኤሌክትሪክ ግን አልደረሰችም።

አሁን ዋናው ነገር ሁለተኛ ምርጫዋ ነው። ሁለተኛ የቧንቧ ሥራን ሞልታ ከሆነና እዚያ የመጨረሻው ገቢ 160 ካለው፣ ገባች። «ከኤሌክትሪክ ሌላ አልፈልግም» ብላ ቦታውን ባዶ ትታው ከሆነ ግን ቀረች። በዚያው ቀን 155 ያለው ልጅ ብረታ ብረትን መርጦ፣ ለ25ቱ ቦታ ያመለከቱት 18 ብቻ ስለሆኑ ሰተት ብሎ ገባ። «ከእኔ ያነሰ ገብቶ እኔ እንዴት እቀራለሁ!» ማለት ይመጣል። ነገር ግን ይህ አድልዎ አይደለም። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሰልፍ አለው፤ እሷ የቆመችው ረጅሙ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምርጫ ስትሞሉ አንደኛ የምትወዱትን፣ ሁለተኛ የምትወዱትንና የምትደርሱበትን፣ ሦስተኛ ሰው የማይሻማበትን ግን ሥራ ያለበትን አድርጉ። የምርጫ ቦታ በባዶ አይተው!

ለሴት ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ተደርጎ ሲወጣ ቆይቷል። ለአርብቶ አደርና ለታዳጊ አካባቢ ልጆችም እንዲሁ። እህቶቻችን ይህን ሳያውቁ «ነጥቤ አይበቃም» ብለው ሳያመለክቱ እንዳይቀሩ። ሰንጠረዡ ሲለጠፍ የወንዱን ዓምድ አይታችሁ አትመለሱ፤ የራሳችሁን ፈልጉ።

በሌላው ዓለምስ?

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። በህንድ አገር ብዙ ተማሪዎች 10ኛ ክፍልን ጨርሰው የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ወደሚሰጡ የመንግሥት ፖሊቴክኒኮች ይገባሉ። በየግዛቱ አንዳንዱ በ10ኛ ክፍል ውጤት፣ አንዳንዱ በመግቢያ ፈተና ስማቸውን በደረጃ ይደረድራል። ተራው የደረሰው ልጅ ከቀሩት ኮሌጆችና ሙያዎች መካከል ይመርጣል። በታሪክ ወደ ኋላ ለቀሩ የኅብረተሰብ ክፍሎችም የተለየ ድርሻ ይያዛል። እዚያም ቢሆን ነጥብ፣ ሰልፍና ምርጫ ናቸው ወሳኞቹ። በክልላችንም ፖሊቴክኒክ የሚለው ስም አዲስ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ምን ልምረጥ?

ላሊበላ ላደገ ልጅ ቀድሞ የሚታየው ሆቴልና ቱሪዝም ነው። እውነትም ጥሩ ሙያ ነው። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት ከተማ እንግዳ አቀባበል፣ ምግብ ዝግጅትና አስጎብኚነት እንጀራ ይሆናሉ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሎች ምን እንደሆኑ እናንተው አይታችኋል። ስለዚህ ስትመርጡ «እንግዳ ባይመጣስ በዚህ ሙያ እበላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ግንባታ፣ እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ እንግዳ ኖረም አልኖረም ቤት ያለው ሁሉ የሚፈልጋቸው ናቸው።

«የእጅ ሥራማ የወደቀ ነው የሚማረው» የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለ ንቀት በአገራችን የቆየ ነው፤ ቀጥቃጭና ሸማኔ ሲሰደብ ኖሯል። ግን ላሊበላ ተቀምጦ የእጅ ሙያን መናቅ ያስተዛዝባል። ዓለም የሚመጣው እኮ ተፈልፍሎ የታነጸ ድንጋይ ለማየት ነው!

ከገባችሁ በኋላ

ሥልጠናው የተቀረጸው አብዛኛው በተግባር፣ ቀሪው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው። ከሥልጠናው ከፊሉ በድርጅቶችና በወርክሾፖች የሚሰጥ የትብብር ሥልጠና ነው። ሲያበቃ በኮሌጁ የክፍል ውጤት ብቻ አይታለፍም፤ ሲ.ኦ.ሲ. የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ተለማምዶ እንደገና መመዘን ይቻላል ማለት ነው።

ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመሸጋገር በያዛችሁት ደረጃ ብቁ መባል ያስፈልጋል። ስለዚህ በዝቅተኛ ደረጃ የገባ ልጅ እዚያው ይቀራል ማለት አይደለም። መሰላል ነው፤ ሠርቶ፣ ተመዝኖ፣ ወደ ላይ ይወጣል። ከደረጃ 5 በኋላም በሙያው በዲግሪ የመቀጠል ዕድል አለ፤ ለምሳሌ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢፌዲሪ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት።

አንድ ነገር ግን ከቤተሰብ ጋር አስቀድማችሁ ተማከሩ። ብዙዎቹ ኮሌጆች እንደ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያና ምግብ አይሰጡም። ከገጠር ቀበሌ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ወልድያ የሚመጣ ልጅ የቤት ኪራይና ስንቅ ያስፈልገዋል። ሦስት አራት ሆኖ አንድ ክፍል መከራየት፣ እህል ከቤት ማምጣት የተለመደ ነው። ይህ ሳይታሰብበት የተገኘ ወንበር በኅዳር ወር ባዶ ይሆናል።

ከመመዝገባችሁ በፊት

ሀ) የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁንና የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕታችሁን ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። ፎቶና የቀበሌ መታወቂያም አዘጋጁ።

ለ) በጦርነቱ ወይም በኋላ በነበረው ግጭት ሰነድ የጠፋባችሁ ካላችሁ ምዝገባው እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሐ) ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ። ነጥቡም ሆነ የሚከፈቱት ሙያዎች ከዓመት ዓመት ይለያያሉ፤ የአምናው ለዘንድሮ አይሠራም። ሰሌዳው ሩቅ ከሆነባችሁ በተራ እየሄዳችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

መ) «ብር ስጡኝና ስማችሁን አስገባለሁ» ለሚል ሰው ጆሮ አትስጡ። ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ነጥባችሁ ከሚበልጣችሁ ልጅ በታች ካልሆነ ወይም ስማችሁ ካልተገኘ ምክንያቱን ጠይቁ። በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብ መብታችሁ ነው።

ሠ) የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ ደግሞ ለዚያ ሙያና ለዚያ ደረጃ ዕውቅና እንዳለው ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትክፈሉ።

ረ) ስማችሁ ከወጣ በተባለው ቀን ተመዝገቡ። ቀኑ ካለፈ ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ተጠባባቂ ከሆናችሁም ተስፋ ቆርጣችሁ አትራቁ፤ ያልመጣ ልጅ ቦታ የእናንተ ሊሆን ይችላል።

ወጣቶች፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት የአንድ ሰሞን ፈተና ውጤት ነው፤ የሕይወት ፍርድ አይደለም። ግን «አይደለም» ማለት ብቻውን አያስገባም። ለደላላ ሊከፈል የታሰበው ብር የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ይሆናል። ጎረቤታችሁ ያለች፣ ውጤቷን ሰምታ ከቤት አልወጣም ያለች ልጅ ካለች ይህን ጽሑፍ አንብቡላት፤ ምርጫዋንም አብራችሁ ሙሉ። መልካም ዕድል!