ጨውና ድንጋይ፤ ስለ አሞሌ አሠራርና ስለ ጨው ማጥራት

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ደቃቅ ጨው ብቻ ለለመደ ሰው ግን ምሳሌው እንግዳ ነው። የቀድሞው ጨው አሞሌ እንደ ነበረ ስናስታውስ ነገሩ ይገለጥልናል። ስለዚህ ስለ አሞሌ አሠራር ጥቂት ለመግለጽ እንሞክራለን።

በገንዳ ውሃ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ አድርጎ መተማ የሚያደርስ የጥንት የነጋዴ መንገድ ነው። ቡናና ሰም ጭኖ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው ነጋዴ በጎንደር ገበያ ጥቃቅኑን ዕቃ የሚገዛው በአሞሌ ነበር።

የአሞሌ መነሻ በአፋር የሚገኘው የአሳሌ ሜዳ ነው። ስፍራው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨው ቀረ። ዛሬም ጎርፍ ሲተኛበት የላይኛው ጨው ይሟሟል፤ ውሃው ሲደርቅ እንደገና ይረጋል። ሠራተኞች የረጋውን ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቁታል፤ በእንጨት ፈንቅለው ያነሡታል፤ ከዚያም በልክ ጠርበው ለግመል ጭነት ያዘጋጁታል። እሳት አያስፈልግም፤ የሚያጠራው ፀሐይ ነው።

በአውሮፓ ግን ብዙው ሥራ በእሳት ነበር። በጀርመን አገር በሉነቡርግ ከምድር የሚቀዳውን የጨው ውሃ ከእርሳስ በተሠራ ሰፊ ምጣድ ያፈሉት ነበር። የሆላንድ ሰዎችም ከፈረንሳይ ጠረፍ የሚመጣውን ያልጠራ ጨው በውሃ አሟሙተው እንደገና ያፈሉት ነበር። አግሪኮላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1556 በታተመው መጽሐፉ የበሬ ደም እንደሚጨመርበት ጽፏል። ይኸውም ደሙ በሙቀት ሲረጋ እድፉን ይዞ ስለሚንሳፈፍ ነው፤ አረፋው ይገፈፋል። ጨው ቀድሞ ወደ ታች ሲወርድ መራራው ማግኒዥየም በውሃው ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ በዚያ ጨውን የሚያስወድደው የማገዶ ወጪ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የመንገዱ ርቀት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደሚለው፣ አሞሌ በሚቆረጥበት አገር ከ120 እስከ 130 ድረስ በአንድ ድራም ወርቅ ይገኝ ነበር፤ ንጉሡ ከሰፈሩበት ሲደርስ ግን ለዚያው ወርቅ የሚሰጠው 6 ወይም 7 ብቻ ነበር፤ በክረምትም 5 ይሆን ነበር። ስለዚህ ከአሳሌ እየራቀ ለሚኖር ሰው ጨው ብርቅ ነበር።

ዛሬ ማጥራት ማለት እድፍን ማውጣት ብቻ አይደለም፤ የጐደለውን መጨመርም ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲገባበት ያዝዛል። አዮዲን ሲጐድል እንቅርት ይወጣል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ሲያንስም የሚወለደውን ልጅ አእምሮ ይጎዳል። አሞሌ የቱንም ያህል ቢነጣ ይህ አልተጨመረበትም።

በዚህም ምክንያት አሞሌውን ለከብት፣ አዮዲን የገባበትን ለወጥ ለይቶ መያዝ፣ ይህንንም ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል እንላለን። ጨውን ከድንጋይ ምላስ ይለየዋል፤ ጨውን ከጨው ለመለየት ግን ምላስ አይበቃም፤ ዕውቀት ያስፈልጋል።