የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የቧንቧ ውኃ ለአንድ አጥቢያ ታላቅ በረከት ነው። ይሁን እንጂ ለዓይን መጥራቱ ለመጠጥ መንጻቱን አያረጋግጥም፤ የኮሌራና የታይፎይድ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩምና። ስለዚህ በአሶሳ አካባቢ ባሉ አጥቢያዎች የምንገኝ አገልጋዮች ውኃ የሚበከልበትን መንገድ ልናውቅ ይገባናል።

ብክለት በሁለት በኩል ይገባል። የመጀመሪያው መሥመሩ ነው። ውኃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ፣ በተሰነጠቀው ወይም በላላው መገጣጠሚያ በኩል ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁለተኛው ማጠራቀሚያው ነው፤ ያልታጠበ ጀሪካንና ክዳን የሌለው በርሜል ንጹሑን ውኃ መልሰው ይበክሉታል።

ክሎሪን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት፣ ለተጠቃሚው በሚደርስ አንድ ሊትር ውኃ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን መኖር አለበት። ዓይነ ምድር መቀላቀሉን የሚጠቁመው ኢ-ኮላይ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ፈጽሞ መገኘት የለበትም።

ስለሆነም ሰበካ ጉባኤያት የምርመራ ውጤቱን ከከተማው የውኃ አገልግሎት ይጠይቁ። ተቋርጦ የተመለሰውን የመጀመሪያ ውኃ ለመጠጥ አያውሉ። በርሜሉን አጥበው ይክደኑ፤ እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። በንግሥ ዕለት ብዙ ሕዝብ ከአንድ በርሜል ይጠጣልና፣ ጣሳ እየነከሩ ከመቅዳት ይልቅ በበርሜሉ ግርጌ ቧንቧ ይግጠሙለት።

ለተጠማ ምእመን የምናቀርበው ውኃ የሕመሙ ምክንያት እንዳይሆን መጠበቅ የሁላችን አደራ ነው።